ከጣና ዳር እስከ ራስ ደጀን፦ ስለ ተራራና ስለ ሳሳ አየር ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ስሜን፣ ስለ ጉናና ስለ ጮቄ የሚጠይቁ ናቸው። ወቅቱ የጉዞ ነውና አይገርምም። ተቀራራቢ የሆኑትን አጣምረን መልሰናል። ከፍታዎቹ ሁሉ ከባሕር ወለል በላይ በሜትር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ተራራ የሚፈጠረው የምድር ቅርፊት ተጋጭቶ ሲታጠፍ ነው ብዬ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስሜንም እንደ ሂማላያ ነው ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ጣናስ የእሳተ ገሞራ አፍ ነበር የሚባለው እውነት ነው? (የጂኦግራፊ መምህር፣ ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ስሜን የግጭት ተራራ አይደለም። ሂማላያ የተነሣው የህንድ ምድር ከዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ እስያን እየገፋ ስለገባ ነው። በዚህም የተነሣ ኤቨረስት ጫፍ ላይ፣ በ8,849 ሜትር፣ ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ ይገኛል። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ፈልገው አያገኙም፤ ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ነው።

የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከጥልቅ የምድር ክፍል ወደ ላይ የመጣ ትኩስ አለት ዛሬ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የምንለውን አገር ከሥሩ ገፋው። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ላቫ በየስንጥቁ ወጥቶ ሜዳውን አለበሰው። አንዱ ፍሰት ከረጋ በኋላ ሌላው እየመጣበት፣ በመሶብ እንደተደረበ እንጀራ፣ ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ደረሰ። የድንጋዮቹ ዕድሜ ሲለካ አብዛኛው የወጣው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ በምድር ታሪክ ይህ ጥድፊያ ነው። የስሜንን ገደል ፊት ለፊት ሲያዩት በጥቁሮቹ ንብርብሮች መካከል ቀጫጭን ቀያይ መስመሮች አሉ። በሁለት ፍሰቶች መካከል ድንጋዩ ወደ አፈርነት ለመለወጥ ጊዜ ሲያገኝ የቀሩ ናቸው።

በዚህ ንጣፍ ላይ ደግሞ ተዳፋታቸው ለዘብ ያለ፣ ጋሻ መሰል የሚባሉ ሰፋፊ እሳተ ገሞራዎች ተነሡ። በአንድ ዘመን አልነደዱም። የስሜኑ 30 ሚሊዮን፣ የጮቄው 22 ሚሊዮን፣ የጉናው 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ተማሪዎችዎ ሦስቱን ተራሮች እንደ አንድ ሰንሰለት ቢያዩአቸው ተሳስተዋል፤ እያንዳንዱ ለየብቻው የወጣ ነው።

የሾለውንና የተገመሰውን ቅርጽ ያወጣው ግን ውኃ ነው። ተከዜና ገባሮቹ ጋሻውን በየአቅጣጫው ቆራርጠው በልተውታል፤ ራስ ደጀን ከዚያ ተርፎ የቀረ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ሸለቆ ሲቆረጥ ከምድሪቱ ላይ ክብደት ይነሣል፣ የቀረው ቅርፊት ደግሞ ከሥር ካለው ትኩስ አለት በላይ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጥልቅ ሸለቆ መቆረጡ ራሱ በዳር ያሉትን ጫፎች ከፍ ያደርጋል። ተማሪዎቹን ለጉብኝት የመውሰድ ዕድል ካገኙ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወስደው የአባይ በረሃ መንገድ ከማንኛውም ሥዕል ይበልጣል። ከላይ ባዛልቱ (ጥቁሩ የላቫ ድንጋይ)፣ ከሥሩ ባሕር ያስቀመጠው የኖራ ድንጋይ፣ ወደ ታች ደግሞ የአሸዋ ድንጋዩ በየተራ ይታያል።

ወደ ጣና ስንመጣ፣ መልሱ ትንሽ ይወሳሰባል። የሐይቁ ጎድጓዳ ያለው ሦስት የመሬት ስንጥቅ ሸለቆዎች በሚገናኙበት ቦታ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከባድ ፍንዳታ እንደነበረ የሚያሳዩ አለቶች ስላሉ ጎድጓዳው በከፊል በዚያ ፍንዳታ የተደረመሰ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ዛሬ ውኃውን አግዶ የያዘው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ዕድሜ ያለው ላቫ ነው። በደቡብ በኩል ፈሶ የአባይን መውጫ ዘጋው፤ ጢስ አባይ 40 ሜትር ገደማ ተወርውሮ የሚወድቀው በዚሁ ወጣት ባዛልት ላይ ነው። ባሕር ዳር ለአጥርና ለመሠረት የሚፈለጠው ቀዳዳማ ጥቁር ድንጋይም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ላቫው ሲረጋ ያመለጠ ጋዝ የተዋቸው ናቸው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት እያለው ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለ ገበታ የሚመስል ሐይቅ አንድ ጠባብ የእሳተ ገሞራ አፍ ሊሆን አይችልም።

ለክፍል ውይይት የሚሆን አንድ ጭማሪ፦ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ቧሂትና ራስ ደጀን ላይ በረዶ ግግር ነበረ፤ ገፍቶ የከመረው የድንጋይ ክምር አሁንም አለ። ዘመኑ ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን ደረቅም ስለነበር ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ጨርሶ ደርቆ ነበር።

ጥያቄ፦ ራስ ደጀን 4,620 ነው ወይስ 4,533? ስልኬ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ከፍታዬን በጠዋትና በማታ ለየቅል ይነግረኛል። (ከሽምብጥ)

መልስ፦ 4,620 የድሮ ካርታዎች ቁጥር ነው፤ በኋላ በተደረጉ ልኬቶች 4,533 እና 4,550 ተጽፈዋል። ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ነው፣ እኛም እሱን ይዘናል። በየትኛውም ቢሆን የአገሪቱ ቁንጮነቱን የሚነጥቀው ተራራ የለም።

ስልክዎ ከፍታ የሚያነበው በአየር ግፊት ከሆነ መለዋወጡ የስልኩ ብልሽት አይደለም። በእኛ አካባቢ የአየር ግፊት በየቀኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። በባሕር ዳር ከፍታ የ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ልዩነት 10 ሜትር ገደማ ሆኖ ስለሚነበብ ሳይንቀሳቀሱ 20 እና 30 ሜትር “ይወጣሉ”። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጣና ዳር ውኃው አጠገብ ቆመው 1,786 ብለው ያስተካክሉት። የሐይቁ ወለል በክረምትና በበጋ ያለው ልዩነት ከአንድ ሁለት ሜትር ስለማያልፍ የከተማው ምርጥ መለኪያ ነው።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ሠራተኞቹን ለሦስት ቀን ስሜን ወስዶ ነበር። ከባሕር ዳር በሌሊት ተነሥተን፣ ደባርቅ ምሳ በልተን በዚያው ቀን ጨነቅ አደርን። ሌሊቱን ግማሾቻችን ራስ ምታትና ማስመለስ ሲያሠቃየን አደረ፤ አንዱ ስፖርተኛ ነኝ ባይ ከሁሉም ብሶበት ነበር። እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን፣ 1,800 ላይ እየኖርን ምን ነካን? ዘንድሮም ልንሄድ አስበናል። (ከጣና ክፍለ ከተማ፣ ስድስት ሆነን)

መልስ፦ የያዛችሁ የከፍታ ሕመም ነው፤ መነሻውም ቸኩሎ ማደር ነው።

አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢኬድ 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። በባሕር ወለል ግፊቱ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ባሕር ዳር 610፣ ጨነቅ (3,620) 485፣ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ 430 ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ አየሩ ሳንባ ከመድረሱ በፊት የጉሮሮ እርጥበት 47 ያህሉን ይወስዳል፤ ይህ ቁጥር በየትኛውም ከፍታ አይለወጥም። ስለዚህ ግፊቱ ባነሰ ቁጥር የእርጥበቱ ድርሻ ይከብዳል። ለሳንባ የሚደርሰው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ወለል 149 ከሆነ፣ ባሕር ዳር 118፣ ጨነቅ 92፣ ራስ ደጀን 80 ገደማ ነው ማለት ነው።

ታዲያ 118 ላይ የማይሰማን 92 ላይ ለምን ያሳምመናል? ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ ደም ሴል ውስጥ ያለው ተሸካሚ፣ ኦክስጅን የሚሸከመው በቀጥታ መስመር አይደለም። በደም ውስጥ ያለው ግፊት (ለሳንባ ከሚደርሰው ያነሰ ነው) ከ60 በላይ እስከሆነ ድረስ ቢቀንስም ሄሞግሎቢኑ ሙሉ ለመሆን ትንሽ ነው የሚጎድለው፤ ባሕር ዳር ጣት ላይ ተሰክቶ የደም ኦክስጅን በሚለካው ኦክሲሜትር ጤነኛ ሰው ቢለካ ከ95 በመቶ አካባቢ አይርቅም። ከ60 በታች ሲወርድ ግን መስመሩ ቁልቁል ይሄዳል፤ ጨነቅ ላይ አዲስ ደራሽ ከ85 እስከ 92 ቢያነብ የሚጠበቅ ነው። ባሕር ዳር ያለችው ገና በለጥ ባለው ክፍል ላይ ስለሆነ ሰውነታችሁን ለ3,600 አላሠለጠነችውም። ወይና ደጋ ኗሪ መሆን ከባሕር ወለል ከመጣ ሰው ትንሽ ይሻላል እንጂ ዋስትና አይሰጥም። የስፖርተኛው ነገርም እንዲሁ ነው። ጠንካራ ጡንቻ ከከፍታ ሕመም አይከላከልም፤ እንዲያውም ጉልበተኛው ፈጥኖ ስለሚወጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው።

ሰውነት የሚለምደው በደረጃ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንፋሽ ይበዛል። ብዙ መተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ጠርጎ ስለሚያወጣ ደሙ ወደ አልካላይነት ያዘነብላል፣ አንጎልም “በቃ፣ ቀንስ” ይላል። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ለጥቂት ሰከንዶች ቆም ብሎ በድንገት የሚመለሰው ከዚህ የተነሣ ነው፤ አጠገቡ ያደረውን ሰው ያስደነግጣል እንጂ ብቻውን አደገኛ አይደለም። ኩላሊት በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ደሙን አልካላይ የሚያደርገውን ትርፍ ባይካርቦኔት በሽንት አስወግዶ ትንፋሹን ነጻ ያደርገዋል። የቀይ ደም ሴል መብዛት ግን ሳምንታት ይፈልጋል፣ ለሦስት ቀን ጉዞ አይደርስም። እናንተ ለኩላሊታችሁ አንድ ሌሊት እንኳ ሳትሰጡ ከ1,800 ወደ 3,620 ዘለላችሁ።

ዘንድሮ እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ (2,800 ገደማ) እደሩ፤ ጎንደር ማደር ከባሕር ዳር ብዙም ስለማይለይ ለዚህ ጉዳይ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሁለተኛውን ሌሊት ሳንቃ በር (3,250)። በሦስተኛው ቀን በጠዋት በመኪና ወደ ጨነቅ ሂዱ፣ ዋልያና ጭላዳ አይታችሁ፣ አቅም ያለው ወደ ቧሂት አቅጣጫ ትንሽ ወጥቶ፣ ሁላችሁም ወርዳችሁ እደሩ ወይም ወደ ቤት ተመለሱ። ቀን ከፍ ብሎ ዋለ፣ ማታ ዝቅ ብሎ ተኛ፤ ሰውነት በዋናነት የሚቆጥረው የማደሪያውን ከፍታ ነው። አምስትና ስድስት ቀን ካላችሁ ግጭን (3,600) ጨምሩና በእሜት ጎጎ (3,926) በኩል በእግር ጨነቅ ግቡ። ደንቡ ከ3,000 በላይ የማደሪያ ከፍታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት አራት ቀኑ ደግሞ አንድ ሌሊት እዚያው መድገም ነው።

ዳገት ላይ የእርምጃችሁ ልክ ወሬ ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ሻንጣውን ለበቅሎ ስጡ። ውኃ በቀን 3 ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ሽንት ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ መጋት ሌላ ሕመም ያመጣል። ምግቡ በሶ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ቆሎ ይሁን፤ ለተመሳሳይ ኦክስጅን ከቅባት ይልቅ ስታርች የተሻለ ጉልበት ይሰጣል። ጾም ላይ ከሆናችሁና እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ከባዱን ዳገት ለዚያ ቀን አታድርጉት፤ የረሃብና የውኃ ጥም ራስ ምታት ከከፍታው ጋር ይምታታል። መለያው ይህ ነው፦ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አንድ ሰዓት አርፎ ያልለቀቀ ራስ ምታት የከፍታ ነው ተብሎ ይያዝ፣ ሰውየውም ከዚያ በላይ አይውጣ።

ጥያቄ፦ ለከፍታ የሚወሰድ ክኒን አለ ይባላል። ሌላው ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላው አረቄ ይላል። ቡናስ ይከለከላል? (ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ክኒኑ አሴታዞላማይድ ነው፤ በገበያ ስሙ ዳያሞክስ ይባላል። ኩላሊት በሁለት ሦስት ቀን የሚሠራውን ባይካርቦኔት የማስወገድ ሥራ ያፋጥናል፣ ስለዚህ ሕመሙን መሸፈን ሳይሆን መላመዱን ማገዝ ነው ሥራው። ለመከላከል አዋቂ ሰው 125 ሚሊ ግራም (የ250 ክኒን ግማሽ) በየ12 ሰዓቱ፣ ከመውጣቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ከፍተኛው ማደሪያ ላይ እስከ ሁለተኛው ቀን ይወስዳል። ጣትና ከንፈር መቆንጠጥ፣ ሽንት ማብዛት፣ ለስላሳ መጠጥ ጣዕም ማጣት የተለመዱ ናቸው። ለሰልፋ መድኃኒት ከባድ አለርጂ ያለበት፣ የኩላሊት ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያዩ አይንኩት። ሌላውም ቢሆን አንዱን ክኒን ባሕር ዳር እያለ ሞክሮ ቢሄድ ይመረጣል። ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ወይም ምግብ ተበልቶ አይቡፕሮፌን ይሆናል።

ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ነው። ጤና አዳም ማሽተትም ያጽናናል፣ ኦክስጅን ግን አይጨምርም። አረቄና የእንቅልፍ ክኒን ሁለቱም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ፈጽሞ አይወሰዱ፤ አረቄ ሙቀት የሚሰጥ የሚመስለው ደምን ወደ ቆዳ አውጥቶ የውስጡን ሙቀት ስለሚያባክን ነው። ቡናን በተመለከተ ምክራችን ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው። በቀን ሦስት ስኒ የለመደ ሰው ለጉዞው ብሎ ቢያቆም በማግስቱ የቡና ሱስ ራስ ምታት ይነሣበታል፣ ያም ከከፍታ ሕመም ጋር ይምታታል። እንደ ልማድዎ ይጠጡ።

ጥያቄ፦ ተራ ራስ ምታት ከሚገድለው የሚለየው በምንድን ነው? ሌሊት ቢሆንስ? (ቱሪስት አጃቢ፣ ከቀበሌ 14)

መልስ፦ የሚገድሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሳንባ ውስጥ፣ ሌላው አንጎል ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም።

የሳንባው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሌሊት አካባቢ ይጀምራል። ሰውየው ከጓደኞቹ ኋላ መቅረት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ተቀምጦም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፣ ጋደም ማለት ያቅተዋል፤ ሲብስ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ አክታው አረፋና ሮዝ ይሆናል። ራስ ምታት ላይኖር ይችላል፣ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው፤ “ብርድ መትቶት ነው” ተብሎ ይታለፋል። የአንጎሉ ምልክት መንገዳገድና መደናበር ነው። መሬት ላይ መስመር አስምረህ ተረከዝ ከጣት እያገናኘ አሥር እርምጃ እንዲሄድ አድርገው። ጤነኛው አንተ ከቻልህና እሱ ከተንገዳገደ ጨዋታው አልቋል፣ መውረድ ነው።

“ሲነጋ እናያለን” የሚባል ነገር እዚህ የለም፤ በሌሊትም ቢሆን ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ይውረድ። የሳንባ ሕመምተኛ በእግሩ አይሂድ፤ ድካም በሳንባ ደም ሥሮች ላይ ያለውን ግፊት ይጨምራል። ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ አድርገህ በበቅሎ ወይም በመኪና፣ በደንብ አልብሰህ አውርደው፤ ብርድም ያንኑ ግፊት ያብሳል። ኦክስጅን ካለ በደቂቃ ከ2 እስከ 4 ሊትር ይሰጠው። ዴክሳሜታዞንና ኒፈዲፒን የሚባሉትን መድኃኒቶች ሐኪም በቅድሚያ ካዘዘልህ ያዝ፣ ለመውረድ ጊዜ መግዣ ናቸው እንጂ ምትክ አይደሉም።

የስሜንን መልክዓ ምድር ለሚያውቅ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። ከጨነቅ ከሆነ በመኪና ወደ ደባርቅ መመለስ ይቻላል። ራስ ደጀን ለመውጣት አምቢቆ (3,200 ገደማ) ያደረ ሰው ግን “ወደ መጣንበት እንመልሰው” ከተባለ መንገዱ በቧሂት ማለፊያ በ4,200 ሜትር ገደማ በኩል ነው፤ በሽተኛውን ለማዳን አንድ ሺህ ሜትር ማውጣት ይሆናል። ከአምቢቆ መውረጃው ወደ መሸሃ ወንዝ (2,800 ገደማ) ነው። እዚያ አርፎ ሲሻለው ወይም እርዳታ ሲደርስ ነው ስለ መመለሻው የሚታሰበው። ይህን ከጉዞው በፊት ከስካውቱ (ከታጣቂው የፓርክ ጠባቂ) እና ከበቅሎ ባለቤቶቹ ጋር ተነጋገርበት።

ኦክሲሜትር ብትይዝ ጥሩ ነው፣ ግን ጣት ሲቀዘቅዝ፣ የጥፍር ቀለም ወይም ሂና ሲኖር ይሳሳታል። እጁን አሙቀህ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቀህ፣ ውጤቱን ከጓደኞቹ ጋር አወዳድር። ሁሉም 88 ሆነው አንዱ 72 ከሆነ ቁጥሩ ተናግሯል።

ጥያቄ፦ የስሜን ገበሬ 3,500 ላይ እያረሰ ለምን አይታመምም? ደሙ ይለያል እንዴ? (ከዘንዘልማ)

መልስ፦ ደሙ የተለየ አለመሆኑ ነው የሚገርመው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት በስሜን 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተለክተው የሄሞግሎቢን መጠናቸው በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ጋር ተመሳሳይ፣ የደማቸው ኦክስጅን ደግሞ በአማካይ 95 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የአንዲስ ተራሮች ኗሪዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸው በዝቶ ነው፤ ቲቤታውያን ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ሳይበዛ በዝቅተኛ ኦክስጅን ይኖራሉ። የስሜኖቹ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ መንገድ ነው። ከብዙ ትውልድ ኑሮ የመጣ መላመድ ስለሆነ የባሕር ዳር ልጅ “አያቴ የስሜን ጃናሞራ ሰው ነበሩ” ብሎ ደባርቅን ቢዘል አያዋጣውም።

ጥያቄ፦ አባቴ 62 ዓመታቸው ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። እህቴ ደግሞ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሁለቱም ስሜንን ማየት ይፈልጋሉ። (ከግሽ አባይ)

መልስ፦ የአባትዎ ግፊት በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነ ዕድሜው ብቻ አይከለክላቸውም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊቱ ከፍ ሊል ስለሚችል መለኪያ ይያዙ፣ መድኃኒቱንም በራሳቸው አያቋርጡ። በቅርቡ የልብ ድካም ወይም የደረት ውጋት የነበረበት፣ የከፋ የሳንባ ሕመም ወይም ከባድ የደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ይቅር። እህትዎ ከ2,500 በላይ ባያድሩ ጥሩ ነው። ጎንደር አድረው፣ ቀን ደባርቅ ደርሰው ቢመለሱ በቂ ነው። ትንንሽ ልጆች ራሴን አመመኝ ማለት ስለማይችሉ ምክንያት የሌለው መነጫነጭ፣ ምግብ እምቢ ማለትና እንቅልፍ ማጣት እንደ ከፍታ ሕመም ይታይ።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ 5,000 ሜትር እሮጣለሁ። አሠልጣኜ ደብረ ታቦር ሄደሽ ተለማመጂ ይለኛል። ይጠቅመኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይጠቅምሻል፣ ግን በአንድ ሳምንት አይደለም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከ1,500 በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ ከባሕር ዳር ጋር ሲነጻጸር 9 በመቶ ገደማ ይጎድልብሻል። ፈጣን ልምምድሽን እዚያ በባሕር ዳር ሰዓት ልሩጥ ካልሽ ትሰበሪያለሽ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሯጮችን 2,500 ላይ አስተኝቶ 1,250 ላይ ሲያሠለጥን፣ ከአራት ሳምንት በኋላ በ5,000 ሜትር የተሻሻሉት ከፍ ብለው ተኝተው ዝቅ ብለው የሮጡት ነበሩ። ለአንቺ ይህ ማለት ሦስት አራት ሳምንት ደብረ ታቦር ማደር፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በቀስታ ብቻ መሮጥ፣ ፈጣኑን ልምምድ ከተቻለ ወደ ፎገራ ሜዳ ወርዶ መሥራት ነው።

ከመሄድሽ በፊት የብረት ክምችትሽን (ፌሪቲን) በደም ምርመራ አስለኪ። አዲስ ቀይ የደም ሴል ያለ ብረት አይሠራም፤ ከ30 በታች ከሆነ ካምፑ ድካም ብቻ ይሆናል። የብረት ክኒን ከታዘዘልሽ ከሻይና ከቡና አርቀሽ፣ በሎሚ ውሰጂው።

ከፍታ ምን እንደሚያደርግ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ታይቷል፤ ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1968 ማሞ ወልዴ ማራቶንን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ነበር። በዚያው ሜክሲኮ ግን የሳሳው አየር አግዞ የርዝመት ዝላይ 8 ሜትር ከ90 ደርሷል። ለአጭር ጉልበት የሳሳ አየር ጥቅም ነው፣ ለረጅም ሩጫ ዕዳ ነው።

ጥያቄ፦ ለቡድን ምግብ አብሳይ ሆኜ እሄዳለሁ። ጨነቅ ላይ ምስር አልበስል፣ ሽምብራማ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ሌሊት ብርዱ ስለሚከፋ ደግሞ ከሰሉን አቀጣጥለን ድንኳን ውስጥ እናስገባለን። ጉዳት አለው? (ከሰባታሚት)

መልስ፦ ውኃ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል፤ ባሕር ዳር በ94፣ ጨነቅ በ88፣ ራስ ደጀን ላይ በ85 ገደማ። እሳት ብትጨምሪ ውኃው ይተናል እንጂ አይሞቅም፣ ስለዚህ እንጨቱ በከንቱ ያልቃል። ምስሩን የተከካ አድርጊው፣ ካልሆነም ከማታ ዘፍዝፊው፤ ሽምብራውን ባሕር ዳር ቀቅለሽ አድርቀሽ ያዢ ወይም ተዪው። ሽሮ፣ በሶና ፓስታ ብዙ አያስቸግሩም። ፕሬዠር ድስት ለቡድን ከያዝሽ ችግሩ ሁሉ ይቀራል። ለመጠጥ ውኃ አትስጊ፣ 88 ዲግሪም ጀርም ይገድላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ሲንፈቀፈቅ ይቆይ።

ከሰሉ ግን በእርግጥ ይገድላል። ከሰል ጭስ የለውም እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ኦክስጅኑ ቀድሞ በጎደለበት ከፍታ ላይ ደግሞ ጥቂቱም ይበቃል። “ፍም ሆኗል፣ አይጎዳም” የሚባለው ስሕተት ነው፤ ፍሙ ላይ ነው ጋዙ የማይታየው። ሕመሙ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆነ ሁሉም ከፍታው ነው ብሎ ይተኛል። መለያው በአንድ ድንኳን ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ መታመማቸውና ውጭ ሲወጡ ቀለል ማለቱ ነው። ኦክሲሜትር እዚህ ላይ አይረዳም፤ ጋዙ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ ስለሚቆጥረው 98 እያነበበ ሰው ሊሞት ይችላል። ምድጃውን ውጭ አድርጊ፣ ሌሊት ለመሞቅ የፈላ ውኃ በጥብቅ የሚዘጋ ጠርሙስ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አስገቢ። ከሰል ባለበት የተኛ ሰው ካልነቃልሽ መጀመሪያ እሱን ጎትተሽ ወደ ውጭ አውጪ፣ ምድጃውን ለማውጣት ብለሽ አትዘግዪ፤ ከዚያ ኦክስጅን ስጪው፣ ወደ ጤና ተቋምም አውርዱት።